የእልፍኝ ሙዚቃ በክፉ ዘመን

ስለ ጀርመን ሙዚቃ በተነሣ ጊዜ የብዙ ሰው ልቡና አስቀድሞ የሚያመራው ወደ ታላላቁ ነገር ነው፤ ወደ ባኽ የቤተ ክርስቲያን ድርሰቶች፣ ወደ ቤትሆቨን ሲምፎኒዎች፣ ዋግነርም በባይሮይት ከተማ ባሠራው ቲያትር ለሰዓታት ወደሚዘልቁት ኦፔራዎች። ሆኖም ይኸው ሕዝብ ከታላቁ አዳራሽ ሌላ፣ ሁለትና ሦስት ሰዎች በአንድ እልፍኝ ተቀምጠው ለራሳቸውና ለጥቂት ወዳጆቻቸው የሚጫወቱትን ረቂቅ ሙዚቃ ለዘመናት ሲያዳብር ኖሯል። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው የዚህን ሙዚቃ አንዲት ቅርንጫፍ፣ ማለት በሃያኛው ምዕት ዓመት በጀርመን አገር ለፍሉትና ለፒያኖ የተደረሰውን ነው። ቅርንጫፏ ትንሽ ብትሆንም አገሪቱ በሁለት የዓለም ጦርነቶችና በአንድ ጨካኝ መንግሥት ስትታመስ በኖረችበት ዘመን የለመለመች ስለ ሆነች፣ ታሪኳ ጥበብና ሥልጣን በተጋጠሙ ጊዜ ምን እንደሚሆን ከብዙ ታላላቅ ሥራዎች ይልቅ ገልጦ ያሳየናል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የእልፍኝ ሙዚቃ፣ በሙዚቀኞች ዘንድ በተለመደው ስሙ ቻምበር ሙዚቃ፣ ዋና ሕጉ እያንዳንዱ ተጫዋች የራሱን ክፍል ብቻውን መያዙና በትር ይዞ የሚመራ ሰው አለመኖሩ ነው። በኦርኬስትራ ውስጥ አንድ የቫዮሊን ተጫዋች ቢሳሳት በጓደኞቹ ድምፅ ይሸፈናል፤ በእልፍኝ ግን የአንዱ ስሕተት የሁሉ ስሕተት ይሆናል፣ የአንዱም ትንፋሽ ለሌላው መነሻ ምልክቱ ነው። ሶናታ የሚባለው የድርሰት ዓይነት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ወይም አራት ክፍሎች ኖረውት፣ ፈጣኑ ከዝግተኛው ጋራ እየተፈራረቀ፣ በመጀመሪያ የተነሣ ሐሳብ እየተመረመረና እየተለወጠ ወደ ፍጻሜው የሚደርስበት ነው። ለፍሉትና ለፒያኖ የተጻፈ ሶናታ ሲሰማ ያልለመደ አድማጭ ፍሉቱን ዘፋኝ ፒያኖውን አጃቢ አድርጎ ይቆጥራል፤ ይህ ግን በደኅና ደራሲ እጅ የተሠራውን ሶናታ በግማሹ ብቻ መስማት ነው። በማኅሌት ጊዜ በግራ የቆሙት መዘምራን ያነሡትን በቀኝ የቆሙት ተቀብለው እንደሚመልሱት ሁሉ፣ ፍሉቱ የጀመረውን ሐሳብ ፒያኖው ይረከበዋል፣ ያሰፋዋል፣ አንዳንድ ጊዜም ይቃወመዋል፤ ከሁለቱ ማንኛቸውም ለሌላው ሎሌ አይሆንም።

ይህን እኩልነት ማግኘት ለደራሲው ቀላል ነገር አይደለም፤ የሁለቱ መሣሪያዎች ጠባይ እጅግ የተለያየ ነውና። ዋሽንት ከጫፉ ሲነፋ ፍሉት ወደ ጎን ተይዞ፣ ከራሱ አጠገብ በተበጀ ቀዳዳ ይነፋል። ድምፁን የሚያስነሣ ምላስም ሆነ ክር የለውም፤ ከከንፈር የወጣው ቀጭን አየር በቀዳዳው ጠርዝ ላይ እየተመታ አንድ ጊዜ ወደ ውስጥ አንድ ጊዜ ወደ ውጭ ሲመላለስ በቱቦው ውስጥ ያለው አየር ይርገበገባል፣ እርሱም ድምፅ ሆኖ ይወጣል። በላይኛው ድምፁ ደማቅና ዘልቆ የሚሰማ ሲሆን በታችኛው ለስላሳና ደካማ ነው፤ ፒያኖ ተጫዋቹ እጁን ጥቂት ካከበደ የፍሉቱ ዝቅተኛ ድምፅ ጨርሶ ይዋጣል። በፒያኖ ውስጥ በአንጻሩ መዶሻ ጅማቱን መትቶ ስለሚለየው ድምፁ በተወለደባት ቅጽበት መሞት ይጀምራል፤ ፍሉት ተጫዋች ግን አንዱን ድምፅ ይዞ እስትንፋሱ እስኪያልቅ ሊያሳድገውና ሊያሳንሰው ይችላል። እንግዲህ አንዱ ያለ ትንፋሽ አሥር ድምፅ ባንድ ጊዜ የሚያሰማ፣ ሌላው አንድ ድምፅ ብቻ ይዞ የሚያስረዝም ሁለት ባሕርያትን በእኩል ማነጋገር ለፍሉትና ለፒያኖ የሚደርስ ሰው ሁሉ የሚገጥመው ፈተና ነው።

ዛሬ በዓለም ሁሉ የሚነፋውን ፍሉት ያበጀው በሙኒክ የኖረው ቴዎባልድ ቦም (1794–1881) ነው። ይህ ሰው የወርቅ አንጥረኛ ልጅ፣ ራሱም አንጥረኛ፣ በባቫሪያ ንጉሣዊ ኦርኬስትራም ፍሉት ነፊ ስለ ነበር የእጁ ሙያና የጆሮው ዕውቀት ተባብረውለት ጥንታዊውን መሣሪያ ከመሠረቱ እንደ ገና ሠራው። ቀደም ሲል ቀዳዳዎቹ ጣት በሚደርስበት ስፍራ ይበሱ ነበር፤ ቦም ግን የድምፅ ሕግ በሚያዘው ስፍራ በሳቸውና ጣት ያልደረሰበትን በቁልፎች እንዲከደን አደረገ። የመጀመሪያውን ለውጥ በ1832 ካሳየ በኋላ በ1847 ደግሞ ቱቦውን ራሱን ለወጠው። ነቢይ በአገሩ አይከበርም እንደ ተባለው፣ ፈረንሳዮች የቦምን ፍሉት ፈጥነው ሲቀበሉት ብዙዎቹ የጀርመን ኦርኬስትራዎች የቀድሞውን የእንጨት ፍሉት ይዘው ለረጅም ጊዜ ቆዩ።

በድርሰት በኩልም ያው ችላ ባይነት ይታያል። በአሥራ ስምንተኛው ምዕት ዓመት ባኽ ለፍሉት የከበሩ ሶናታዎች ጽፏል፤ የፕሩሲያው ንጉሥ ዳግማዊ ፍሪድሪክም ራሱ ፍሉት እየነፋ መምህሩን ኳንጽን በቤተ መንግሥቱ ያኖረው ነበር። በተከታዩ ምዕት ዓመት ግን ታላላቆቹ ደራስያን ፊታቸውን ወደ ሌላ መለሱ። ሹማንና ብራምስ ለክላሪኔትና ለፒያኖ የተዋቡ ሥራዎች ሲተዉልን ለፍሉትና ለፒያኖ አንድ ሶናታ እንኳ አልጻፉም፤ በላይፕዚግ የኖረው ካርል ራይኔከ በ1882 ያሳተመውና «ኡንዲነ» የተባለው ሶናታ ከዚያ ዘመን ብቻውን ቀርቶ እስከ ዛሬ ይሰማል። ሃያኛው ምዕት ዓመት ሲብት እንግዲህ የጀርመን ፍሉት ነፊ እጅግ የተሻለ መሣሪያ ነበረው፤ ከፒያኖ ጋራ የሚጫወተው ግን ጥቂት ነበር።

ይህን ባዶነት ከሞሉት አንዱ፣ በኦርጋን ድርሰቶቹ ይበልጥ የሚታወቀው ሲግፍሪድ ካርግ-ኤለርት (1877–1933) ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ወደ ጦር ሠራዊት በገባ ጊዜ በላይፕዚግ ባለ ሬጂመንት የሙዚቃ ጓድ ተመደበ፤ በዚያም በከተማይቱ ስመ ጥር ኦርኬስትራ በጌቫንድሃውስ ፍሉት ይነፋ ከነበረው ከካርል ባርቱዛት ጋራ ተወዳጀ። ካርግ-ኤለርት ወዳጁን እያደመጠ፣ በአሮጌዎቹ የመልመጃ መጻሕፍትና አዲሶቹ የኦርኬስትራ ድርሰቶች በሚጠይቁት ችሎታ መካከል ገደል እንዳለ ስለ ተረዳ፣ ገደሉን የሚያሻግሩ 30 ካፕሪሶች፣ ማለት አጫጭር የመልመጃ ድርሰቶች፣ ለፍሉት ብቻ ጻፈ፤ በኦፑስ (በድርሰት ቁጥር) 107 የተቆጠሩት እነዚህ ድርሰቶች እስከ ዛሬ ከፍሉት ተማሪ እጅ አልወጡም። ለፍሉትና ለፒያኖ ያበረከተው ደግሞ በኦፑስ 114 የተቆጠረው ሲምፎኒያዊ ካንሶንና በኦፑስ 121 የተቆጠረው ሶናታ ነው። በእነዚህ ሥራዎች ፒያኖው እንደ ኦርጋን በብዙ ኅብረ ድምፅ ይሞላል፣ ቅኝቱም ከቦታ ወደ ቦታ በፍጥነት ይሸጋገራል፤ ያለፈው ዘመን የድምፅ ሀብት ሁሉ በሁለት ሰዎች እጅ የተሰበሰበ ይመስላል።

ከካርግ-ኤለርት ሀብታም ኅብር ተላቅቆ ጠንካራና የጠራ መስመር የመረጠው፣ የዚህም ታሪክ መካከለኛ ሰው የሆነው ፓውል ሂንደሚት ነው። በ1895 በፍራንክፈርት አቅራቢያ በሃናው ከተማ ተወለደ፤ ገና ሃያ ዓመት ሲሆነው በፍራንክፈርት ኦፔራ ኦርኬስትራ የቫዮሊኖች አለቃ ለመሆን በቃ። አባቱ በ1915 በጦር ሜዳ ወደቀ፤ እርሱም በጦርነቱ መጨረሻ ለውትድርና ተጠርቶ ወደ ጦር ግንባር ሄደ። የሬጂመንቱ አዛዥ ሙዚቃ ወዳድ ስለ ነበር ሂንደሚትና ሦስት ጓደኞቹ በባለ አራት የክር ጓድ ተሰብስበው እንዲጫወቱለት ያደርግ ነበር። በመጋቢት 1918 አንድ ቀን የፈረንሳዊውን ደራሲ የደቡሲን ኳርቴት ሲጫወቱለት ዝግተኛውን ክፍል እንደ ፈጸሙ የመልእክት መኰንኑ በድንጋጤ ገብቶ ደቡሲ መሞቱ በሬዲዮ መነገሩን ነገራቸው፤ እነርሱም ቀሪውን ሳይጫወቱ ተዉት። የጀርመን ወታደሮች በጦርነት መካከል ሆነው ለጠላት አገር ደራሲ ያዘኑባትን ያችን ሰዓት ሂንደሚት በኋላ ዘመን ሲያስታውሳት፣ ሙዚቃ ከጥበብ ስልትና ከስሜት መግለጫነት አልፎ የፖለቲካን ወሰን፣ የሕዝቦችን ጥላቻና የጦርነትን ርኵሰት ተሻግሮ የሚሄድ መሆኑን ያን ጊዜ እንደ ተረዳ መስክሯል።

ከጦርነቱ በኋላ ሂንደሚት ደፋርና ነገር ፈላጊ ወጣት ሆኖ ታየ። በ1922 ባወጣው የእልፍኝ ሙዚቃ ቁጥር 1 የዳንስ ቤት ዜማና የአደጋ ጊዜ ጥሩምባ አስገብቶ ጨዋውን አድማጭ አስደነገጠ፤ በ1929 በበርሊን በታየው «የዕለቱ ዜና» በተባለ ኦፔራው አንዲት ሴት በመታጠቢያ ገንዳ ተቀምጣ የምትዘምርበትን ትዕይንት አሳየ፤ ይህም ሂትለርን እንዳስቈጣው ይነገራል። ይሁን እንጂ ከዚህ ሁሉ ጨዋታ በታች የነበረው ሂንደሚት የጥንት የእጅ ባለሙያ መንፈስ ያደረበት ሰው ነበር። በቪዮላ ተጫዋችነቱ በአውሮፓ የታወቀ ሲሆን አብዛኛዎቹን የኦርኬስትራ መሣሪያዎች በእጁ እየያዘ ይሞክራቸው ነበር፤ ከ1927 ጀምሮ በበርሊን የሙዚቃ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ሲያስተምርም፣ ደራሲ ለሰማይ ብቻ እንደሚጽፍ ከመኰፈስ ይልቅ ማን ይጫወተዋል፣ ለማንስ ይጠቅማል ብሎ መጠየቅ እንደሚገባው ያሳስብ ነበር። ከ1935 እስከ 1955 ባለው ጊዜ ከቫዮሊን እስከ ቱባ ለኦርኬስትራ መሣሪያዎች ሁሉ ለማለት ይቻላል ከፒያኖ ጋራ የሚጫወቱት ሶናታ እየጻፈ የሄደው ከዚህ እምነት የተነሣ ነው። ለአሳታሚው ሲጽፍም ለነፋስ መሣሪያዎች ከጥቂት የጥንት ሥራዎች በቀር ደኅና ነገር እንደሌለ፣ ይህንንም ጉድለት መሙላት ለጊዜው ትርፍ ባያስገኝ በረጅም ጊዜ እንደሚጠቅም አስረድቶታል።

የፍሉቱ ሶናታ የተጻፈው ይህ ሰላማዊ አሳብ ከዘመኑ ጋራ በተጋጨበት ወራት ነው። መጋቢት 12 ቀን 1934 ቪልሄልም ፉርትቬንግለር የበርሊንን ፊልሃርሞኒክ እየመራ የሂንደሚትን «ማቲስ ሠዓሊው» የተባለ ሲምፎኒ ባሰማ ጊዜ ሕዝቡ በብርቱ ጭብጨባ ተቀበለው። የዚህ ሲምፎኒ ምንጭ የሆነው ኦፔራ በአሥራ ስድስተኛው ምዕት ዓመት በገበሬዎች ዐመፅ ዘመን ስለ ኖረው ሠዓሊ ስለ ማቲያስ ግሩነቫልድ የሚናገርና ጥበበኛ ሰው በመከራ ዘመን ምን ሊያደርግ ይገባዋል ብሎ የሚጠይቅ ነው። ናዚዎቹ ግን ደራሲውን ቀድሞ በጻፋቸው ሥራዎች፣ ከአይሁድ ሙዚቀኞች ጋራ በመጫወቱና ባለቤቱ በአባቷ በኩል የአይሁድ ወገን በመሆኗ ይጠሉት ነበር። በኅዳር ወር ፉርትቬንግለር በጋዜጣ ስለ ሂንደሚት በግልጽ በተከራከረ ጊዜ ነገሩ የመንግሥት ጉዳይ ሆነ፤ ታኅሣሥ 6 ቀን የፕሮፓጋንዳው ሚኒስትር ጎብልስ በበርሊን ስፖርት አዳራሽ ለተሰበሰበው ሕዝብ ሲናገር የደራሲውን ስም ሳይጠራ ቅኝት አልባ ጫጫታ የሚያሰማ ሰው አድርጎ ሰደበው። ሂንደሚት ከመምህርነቱ ፈቃድ ወስዶ ራቀ፤ የቱርክ መንግሥትም ጠርቶት በአንካራ የሙዚቃ ትምህርት እንዲቋቋም አማካሪ ሆነ። እውነቱን ለመናገር ወዲያው አገሩን ጥሎ አልወጣም፤ ነገሩ ይለዝብ ይሆናል ብሎ ተስፋ በማድረግ ለመንግሥቱ የታማኝነት ቃለ መሐላ እስከ መፈረም ደርሶ ነበር። መሐላው ግን አልጠቀመውም፤ በ1936 መጸው ሥራዎቹ በጀርመን አደባባይ እንዳይሰሙ ተከለከሉ። የፍሉትና የፒያኖው ሶናታ የተጻፈው በዚሁ ዓመት ነው።

ሶናታው ከሩብ ሰዓት ብዙም የማይበልጥ አጭር ሥራ ነው። የመጀመሪያው ክፍል «በደስታ የሚንቀሳቀስ» የሚል ትእዛዝ የተጻፈለት ሲሆን፣ ያለ ረጅም መግቢያ ወደ ነገሩ ይገባል፤ የፍሉቱ ዜማ ከአንድ ድምፅ ወደ ሌላው በሰፊው እየዘለለ ቢሄድም ወዴት እንደሚያመራ አድማጩ አይጠፋበትም። ሁለተኛው ክፍል «እጅግ በዝግታ» የሚል ነው፤ በዚህ ስፍራ ረጅምና አጭር ድምፅ እየተፈራረቀ በከባድ እርምጃ ሲሄድ ፍሉቱ ከዝቅተኛው ድምፁ ተነሥቶ ቀስ እያለ ወደ ከፍታው ይወጣል፤ ፒያኖውም ድምፁን አሳስቶ ስፍራ ይለቅለታል። በዚህ ክፍል ከቀደመው ትውልድ ይልቅ የሂንደሚት እጅ በግልጽ ይታወቃል፤ ኀዘን አለበት፣ ልቅሶ ግን የለበትም። ሦስተኛው «እጅግ ሕያው» የተባለው እንደ ደቡብ ኢጣልያ ፈጣን ውዝዋዜ የሚሽከረከር ነው፤ ሁለቱ ተጫዋቾች አንዱ ሌላውን እያሳደደ እስከ መጨረሻው ይሮጣሉ። አድማጩ ሥራው አለቀ ሲል ግን አጭር የሰልፍ ዜማ፣ ማለት ማርሽ፣ ይከተላል። ወታደር በየጎዳናው በሚሰለፍበት በ1936 በርሊን ውስጥ የተጻፈ፣ በቀጭን ፍሉት የሚነፋ ማርሽ ምን ለማለት እንደ ሆነ ብዙ ሰዎች ተከራክረውበታል፤ አንዳንዶቹ ፌዝ ይሰሙበታል፣ ሌሎች የተለመደ የፍጻሜ ቀልድ ነው ይላሉ። ለእኔ ፌዙ ጎልቶ ይሰማኛል፤ የነሐስ ጥሩምባና ከበሮ የሚጠይቀውን ዜማ ለዚህ ለስላሳ መሣሪያ መስጠት በራሱ መሣቂያ ማድረግ ነውና።

ይህን ሶናታ ቅኝት አልባ ጫጫታ ማለት ምን ያህል ከእውነት የራቀ እንደ ሆነ ለመረዳት ሙዚቃ አዋቂ መሆን አያሻም። እያንዳንዱ ክፍል ከአንድ ዋና ድምፅ ይነሣል፣ ከዚያም ምንም ያህል ቢርቅ ተመልሶ በሚያረካ አኳኋን ያርፋል። ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን ሂንደሚት በዚያው ወራት በ1937 የታተመውን «የድምፅ አገባብ ትምህርት» የተባለውን መጽሐፉን ይጽፍ የነበረ መሆኑ ነው። በዚህ መጽሐፍ አሥራ ሁለቱ ድምፆች ሁሉ ለአንድ መሠረታዊ ድምፅ ያላቸውን ዝምድና በቅርበታቸው ተራ እየደረደረ፣ ቅኝትን ፈጽሞ መካድ የምድርን ስበት እንደ መካድ መሆኑን ይከራከራል። ከሳሾቹ እንግዲህ ቅኝትን አፈረሰ ብለው የወነጀሉት ቅኝትን በመጽሐፍ ይጠብቅ የነበረውን ሰው ነው። ግዝቱ የወረደው በስሙ ላይ እንጂ በድርሰቱ ላይ እንዳልነበረ ከዚህ ይታወቃል፤ ግዝቱን የጻፉት ሰዎች ሶናታውን አንብበው አንድ ጥፋት ያገኙበት እንደ ሆነ የሚያሳይ ነገር የለምና።

ሶናታውን በጀርመን መጀመሪያ እንዲያሰሙት ታስበው የነበሩት ፍሉት ነፊው ጉስታቭ ሼክና ፒያኖ ተጫዋቹ ቫልተር ጊዘኪንግ ነበሩ፤ ይህ ግን ተከለከለ። ሂንደሚት ወደ አሜሪካ የመጀመሪያ ጉዞውን ባደረገ ጊዜ ሥራው አብሮት ተሻገረና ሚያዝያ 10 ቀን 1937 በዋሽንግተን በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት አዳራሽ ተሰማ። ፒያኖውን የተጫወተው የፖርቶ ሪኮው ተወላጅ ኼሱስ ማሪያ ሳንሮማ ሲሆን ፍሉቱን የነፋው ፈረንሳዊው ዦርዥ ባሬር ነበር። ይህ ባሬር በ1894 በፓሪስ ደቡሲ «የአንድ ፋውን ከሰዓት በኋላ መቅድም» ያለው ድርሰት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰማ ዝነኛውን የፍሉት መግቢያ የነፋ ሰው ነው። ከሃያ ዓመት ገደማ በፊት በጦር ግንባር የደቡሲን ሞት ሰምቶ ጨዋታውን ያቋረጠው ወታደር፣ አገሩ የከለከለችውን ሥራ ከደቡሲ ፍሉት ነፊ አፍ በባዕድ ምድር ሰማው።

በዚያው ዓመት ሂንደሚት የበርሊን መምህርነቱን ለቀቀ፤ በ1938 በዱሰልዶርፍ «የዘቀጠ ሙዚቃ» በሚል ስም በተዘጋጀው ትርኢት ስሙ ከተወገዙት ጋራ ተሰቀለ፤ በዚያው ዓመት መስከረም ወደ ስዊዘርላንድ፣ በ1940 ደግሞ ወደ አሜሪካ ሄዶ በዬል ዩኒቨርሲቲ አስተማረ። ሁሉም እንደ እርሱ የሚጠጋበት አላገኘም። በላይፕዚግ ያስተምር የነበረውና ለፍሉትና ለፒያኖ ሶናታ የጻፈው ጉንተር ራፋኤል ከወላጆቹ ባንዱ በኩል የአይሁድ ወገን በመሆኑ በ1934 ሥራውን አጣ፤ ዘመኑን በጭንቅ አልፎ ቢተርፍም ዕድሜው በሕመም ደከመ። በፕራግ ከጀርመንኛ ተናጋሪ የአይሁድ ቤተሰብ የተወለደው፣ በላይፕዚግም የተማረው ኤርቪን ሹልሆፍ በ1927 በጃዝ የተነካ፣ እጅግ የሚያስደስት የፍሉትና የፒያኖ ሶናታ ጽፎ ነበር፤ እርሱ ግን በባቫሪያ በቩልትስቡርግ ምሽግ ታስሮ በ1942 በሳንባ ነቀርሳ ሞተ።

በአገር ውስጥ የቀሩትም ቢሆኑ ይህን የድርሰት ዓይነት አልተዉትም። የሂንደሚት ደቀ መዝሙር ሃራልድ ገንዝመር (1909–2007) የመጀመሪያውን የፍሉትና የፒያኖ ሶናታ በ1939፣ ሁለተኛውን በ1945 ጻፈ፤ መምህሩ ተወግዞ ከተሰደደበት አገር ውስጥ የመምህሩ የጠራ የመስመር አካሄድ በደቀ መዝሙሩ እጅ ቀጠለ። ምክንያቱን ፈልገን ብናገኘው ሩቅ አይደለም። ኦርኬስትራ የመንግሥት ገንዘብ፣ አዳራሽ፣ ብዙ ተጫዋችና የሳንሱር ፈቃድ ይጠይቃል፤ ከዚህ የተነሣ ሹሙ ባዘዘበት ሰዓት ዝም ሊያሰኘው ይችላል። ሶናታ ግን ሁለት ሰዎችና የታተሙ ጥቂት ቅጠሎች ከተገኙለት ይበቃዋል። ጨካኝ መንግሥት አደባባዩን ሲይዝ ጥበብ ወደ እልፍኝ የምትገባው እልፍኝ ከአደባባይ ስለሚበልጥ ሳይሆን የዘብ ዓይን የሚበዛበት አደባባዩ ስለ ሆነ ነው።

ጦርነቱ በ1945 ባበቃ ጊዜ የጀርመን ከተሞች ፈርሰው ነበር፤ ብዙ የኦፔራ ቤትና የሙዚቃ አዳራሽም አብሮ ፈርሷል። አዲሱ ሙዚቃ የተነሣው በዚያ ፍርስራሽ መካከል፣ ብዙ ወጪ በማይጠይቁ ጥቂት መሣሪያዎች ነው። በ1946 በዳርምሽታት አጠገብ የተጀመረው የበጋ ትምህርት አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ከዓለም ሙዚቃ ተለይተው የኖሩትን ወጣቶች ሰብስቦ የተወገዙትን የሂንደሚትን፣ የሾንበርግንና የባርቶክን ሥራዎች አሰማቸው። በዚህ ወራት በሃይደልበርግ የሚያስተምረው ቮልፍጋንግ ፎርትነር (1907–1987) ወጣቱን ሃንስ ቨርነር ሄንዘን (1926–2012) በደቀ መዝሙርነት ተቀበለ። መምህሩ በክፉው ዘመን የፓርቲው አባል ሆኖ የነበረ፣ ተማሪው ደግሞ ገና በወጣትነቱ ወደ ጦር ሠራዊት ተጠርቶ በእንግሊዞች እጅ ተማርኮ የተመለሰ ነበር። ሁለቱም በአንድ ዓመት፣ በ1947፣ ለፍሉትና ለፒያኖ ጻፉ፤ ፎርትነር ሶናታ፣ ሄንዘ ሶናቲና፣ ማለት ትንሽ ሶናታ። የሄንዘ ሶናቲና በሃያ አንድ ዓመት ወጣት የተሠራች፣ የሂንደሚት ግልጽ አሠራርና ከውጭ የመጣው አዲስ የሪትም ብልሃት የተገናኙባት ቀልጣፋ ሥራ ናት፤ ከፍርስራሽ መካከል ተጽፋ ስለ ፍርስራሽ አታወራም። ሄንዘ በኋላ ወደ ኢጣልያ ሄዶ የዘመኑ ታላቅ የኦፔራ ደራሲ ለመሆን በቃ።

በምዕት ዓመቱ ሁለተኛ አጋማሽ ይህን የጀርመን ልማድ ከሩቅ ምሥራቅ የመጣ ሰው ለውጦታል። ከኮሪያ ተነሥቶ በበርሊን የኖረው ኢሳንግ ዩን (1917–1995) በ1963 «ጋራክ» የተባለውን ለፍሉትና ለፒያኖ ጻፈ። በአውሮፓ ልማድ አንድ ድምፅ ብቻውን ትርጉም የለውም፤ ከጎረቤቱ ጋራ ሲያያዝ ዜማ ይሆናል። ዩን ግን በአገሩ ባህል እንደተማረው አንዱን ድምፅ ራሱን ሕያው ነገር አድርጎ ይይዘዋል፤ ይወለዳል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ወደ ላይና ወደ ታች ይጐነበሳል፣ በጌጥ ተከብቦ ያድጋል፣ ከዚያም ለሌላ ይለቃል። ፒያኖው ይህን ማድረግ ስለማይችል ከሥሩ ሆኖ ድምፁ የሚቆምበትን ወለል ያበጅለታል። ዩንም የሥልጣንን እጅ አልዳነም፤ በ1967 የደቡብ ኮሪያ ሰላዮች ከምዕራብ በርሊን አፍነው ወደ ሴኡል ወሰዱት፣ ከብዙ የዓለም ሙዚቀኞች አቤቱታ በኋላም በ1969 ተለቅቆ ወደ ጀርመን ተመልሶ ዜግነቷን ወሰደ።

ይህን ሙዚቃ ለመጀመሪያ ጊዜ ለመስማት የሚወድ ሰው ከሂንደሚት ሶናታ ሁለተኛ ክፍል ቢጀምር፣ ከዚያ ሙሉውን፣ ቀጥሎም የሄንዘን ሶናቲና፣ በመጨረሻ የዩንን «ጋራክ» ቢያደምጥ መንገዱ ይቀናለታል። በመጀመሪያው መስማት ጆሮ ወደ ፍሉቱ ማዘንበሉ አይቀርም፤ ይህ ነውር አይደለም። በሁለተኛው ግን ፒያኖውን ብቻ ይከተል፤ አጃቢ መስሎት የነበረው የሐሳቡ ባለቤት ሆኖ በየስፍራው ያገኘዋል። ሂንደሚት የጻፈው ሶናታ ዛሬ በብዙ አገር የሙዚቃ ትምህርት ቤቶች ፍሉት የሚማር ወጣት ሊያልፈው የማይገባ ሥራ ሆኗል፤ ያን ሶናታ የከለከለውን አዋጅ ግን ከታሪክ ጸሐፊዎች በቀር የሚያነበው የለም። ይህም የሆነው ሂንደሚት መንግሥቱን በቃል ስለ ተዋጋ አይደለም፤ በቃልስ ብዙም አልተዋጋም። የሆነው ሥራውን ለሁለት ሰዎች እጅና ትንፋሽ በሚመች ልክ፣ ጉድለት ሳይተውበት ስለ ሠራው ነው፤ በደኅና የተሠራ ነገር ደግሞ የሚጠቀምበት ሰው እስካለ ድረስ ከሠሪው መከራም ከከልካዩም ሥልጣን ይበልጥ ይቆያል።